በጥቍሩ ወገን መቀመጥ

ሰው ከሸመገለ በኋላ ጨዋታ ይማራልን ብለህ አትሣቅብኝ። ባለፈው ክረምት በባሕር ዳር፣ ጣና በሚታይበት በቤታችን በረንዳ ላይ፣ የገዛ ልጄ የሰንጠረዥ መምህሬ ሆኖ ነበር።

ሰንጠረዥን ፈጽሞ አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። በልጅነቴ አያቴ አስተምረውኛል፤ ነገር ግን የእርሳቸው ሕግ ሌላ ነው። ገበታው በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቍር መስመር የተከፈለ ነው እንጂ ነጭና ጥቍር ቤት የለውም። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና እግረኛው መደቅ ከተሰለፉ በኋላ ወረራ የሚባለው ይጀመራል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ከሁለቱ አንዱ እስኪማርክ ድረስ ሁለቱም እጃቸው እንደ ፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ይህን ጨዋታ በመጽሐፉ ገልጦታል፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1868 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ታትሟል። በደር ንጉሥን መያዝ እምብዛም አያስከብርም፤ በመደቅ መያዝ ግን ያስመሰግናል።

ልጄ ያመጣው ሕግ ግን ነጩ ይጀምራል፣ ጥቍሩ ይጠብቃል የሚል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ወታደር በአንድ ትንፋሽ ገፋሁ።

«አባባ፣ ተራው የእኔ ነው» አለኝ።

ቃሉ ወደ ልቤ ገባ። ከዚያ አንድ ወር በፊት፣ እኔ የመረጥሁለትን ትምህርት ሊተው እንዳሰበ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ እኔም ነገሩን ሳይጨርስ መልሴን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ከሰላምታና ከዚህ ገበታ በቀር የቀረ አልነበረም።

ለጥቍሩ የመረጠልኝ አከፋፈት የፈረንሳይ መከላከያ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1834 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የፓሪስ ተጫዋቾች ከሎንዶን ጋር በደብዳቤ በጀመሩት ግጥሚያ ስለ ተጠቀሙበት ነው። ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ፣ ጥቍሩ የራሱን አንድ ቤት ብቻ ያወጣዋል። ይህ ደስ አሰኘኝ፤ የአያቴ መደቅ ከአንድ ቤት በላይ አይሄድም ነበርና። ቀጥሎ ሁለቱም በንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ሁለት ቤት ይገፋሉ። ነጩ አልፎ ከገፋ ሰፊ ስፍራ ይይዛል፤ ጥቍሩም በንግሥቲቱ ወገን ባለው ፊል ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት አውጥቶ የነጩን ሰልፍ ከሥሩ ይነካዋል።

ያስቸገረኝ ይኸው ፊል ነው። የአያቴ ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ዘልሎ፣ በመካከል የቆመውን አልፎ ይወርድ ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን በሰያፍ የፈለገውን ያህል ይሄዳል እንጂ አይዘልም፤ ስለዚህ በገዛ ወታደሮቹ ጀርባ ታስሮ ይቀመጣል። እኔም እርሱን ለማስፈታት ስቸኩል ስምንት ጊዜ ያህል ተሸነፍሁ። ልጄ በሚያስብበት ጊዜ በሐይቁ ላይ የሚያልፉትን የደንገል ታንኳዎች እቈጥር ነበር፤ ይህም ለጨዋታ አይረባም።

አንድ ቀን ግን እንዲሁ ስጠብቅ አያቴ በወረራ ጊዜ እንዴት ይሆኑ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። እጃቸው ከእጄ ይልቅ ይፈጥን ነበር፤ ዐይናቸው ግን ከእኔ ሰልፍ ላይ አይነሣም። እኔ ፊሌን ባዛወርሁ ቍጥር እርሳቸው ፈረሳቸውን ይለውጡ ነበር። ልጅ ሆኜ ያየሁት እጃቸውን ብቻ ኖሯል።

በነሐሴ አንድ ማታ ልጄ ወታደሩን አልፎ ገፋና ጣቱን ሳያነሣ ዝም አለ።

«ያን ጊዜ የጀመርሁት ነገር ነበረ» አለኝ።

የጎኑን ወታደር ለመግፋት እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መልሼ በጕልበቴ ላይ አኖርሁት። እርሱም ከመጀመሪያው አንሥቶ ይነግረኝ ጀመር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ስለ ነበረ ወንበሬን ወደ እርሱ አስጠጋሁ።