ቦምቡንም ስቀሉት

የሚግ 21 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ72 ሲካፈል 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ መዳፍ ላይ ያርፋል። እኔ ባደግሁበት በወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም አካባቢ፣ ይህን አውሮፕላን እንዲህ በቅርብ ያየ ሰው አላውቅም። የሚታወቀው በድምፁ ነው። ከወለቃ ይምጣ ከዓባይ በኩል ሳይለይ ገደሉ ሁሉ ያጓራል፣ ቀና ስትሉ አልፏል። ታላላቆቻችን ለጄት ሁሉ የነበራቸው ስምም አንድ ነው፤ ኤፍ 5 ሆነ ሌላ፣ "ሚግ" ነው።

እኛ ልጆቹ ታዲያ ከቆላ ከሚመጣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ አውሮፕላን እንሠራ ነበር። ልጣጩ ተሰንጥቆ ማያያዣ ይሆናል፤ ነጩና ለስላሳው ውስጡ ገላ ይሆናል። ክንፉን ወደ ኋላ ያጋደለ ጄት ሠራ፤ ቀጥ አድርጎ የሰካ ዳኮታ ሠራ። (መካነ ሰላም አንድ ወቅት የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ እንደነበራት የማያምኑኝ ጓደኞች አሉኝ። ኤም ኬ ኤስ የሚለውን መለያዋን ፈልጉት።)

ዛሬ የምሠራው በፕላስቲክ ኪት ነው። ሥራውን ለማታውቁት፦ ክፍሎቹ ከፍሬማቸው በምላጭ ይቆረጣሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፣ በወረንጦ ተይዘው ይጣበቃሉ። ግራና ቀኙ ሲገጥም የሚቀረው ስንጥቅ በስቱኮ ተሞልቶ እንደገና ይፈገፈጋል። አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር የረሳ ሰው፣ ሥራውን ጨርሶ ጠረጴዛ ላይ ሲያቆመው አውሮፕላኑ በጭራው ቁጭ ይልበታል። ከሚግ 21 አፍንጫ የሚወጣው ረዥም ቀጭን ቧንቧ በፕላስቲክ ሲሠራ ዕድሜ የለውም፤ የልብስ መርፌ ይተካዋል። ተለጣፊ ምልክቶቹ የሚቀመጡትም የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ከተቀባ በኋላ ነው። በደብዛዛ ቀለም ላይ ከለጠፋችኋቸው ከሥራቸው አየር ይቋጠርና ዳር ዳራቸው እንደ ብር ያበራል። የአብራሪው መስተዋት ከጠፋ ደግሞ ሃይላንድ ጠርሙስ በእሳት ሙቀት ለስልሶ በእንጨት ቅርጽ ላይ ይሳባል፤ ከፋብሪካው የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ኪቱ የሚደርሰኝ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስለሆነ የሚጣል ነገር የለም።

አንድ ለ72 የሚለው ልክ አንድ ኢንች ለስድስት ጫማ ማለት ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ልጆች በዚሁ ልክ 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖች እንዲሠሩለት ጠይቆ ነበር። ወታደሩ ወዳጅና ጠላትን ከሩቁ በቅርጹ እንዲለይ ነው። ቦረና ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት የሰጠን አልነበረም፤ ቢሰጠንም ብዙ አይጠቅመንም ነበር። የማንም ይሁን የማን፣ ድምፁ ሲመጣ የሚደረገው መሸሸግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሳጥኑን ስትከፍቱ የሶቪየት፣ የቼኮዝሎቫኪያ፣ የሕንድ፣ የግብፅ ምልክት ታገኛላችሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ክብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሳችሁ እጅ መሥራት ነው። እኔ ይህን አልጠላሁትም። የተሰጠህን ምልክት ትለጥፍና ትገላገላለህ፤ ራስህ የምትሥለው ግን የትኛው አውሮፕላን፣ በየትኛው ዓመት፣ የት ቆሞ እንደነበር ያስጠይቅሃል።

ጥያቄው ደግሞ በቶሎ ወደ ኦጋዴን ይወስዳል። አየር ኃይላችን የአሜሪካ ሴበር ጄቶችን ያገኘው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤፍ 5ኤ በ1966 እ.ኤ.አ. ተከተለ፤ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ጥቂት ኤፍ 5ኢ ደረሱ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲገባ የገጠሙትም እነዚህ ናቸው። ኢትዮጵያዊው በአሜሪካ ኤፍ 5፣ ሶማሊያዊው በሶቪየት ሚግ 21። ሶቪየቶች ወዲያው ወደ እኛ ዞሩ፤ በ1970 ዓ.ም. እኛም የሚግ 21 አብራሪዎች ሆንን። ስለዚህ አንድ የሚግ 21 ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱንም ወገን መሆን ይችላል። ፕላስቲኩ ያው፣ ስቱኮው ያው። የሚለያቸው በብሩሽ ጫፍ የሚደረግ ቀለም ነው። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ በኤፍ 5ኢ የጠላት ሚጎችን ከጣሉት አንዱ ናቸው፤ እሳቸውም ተመትተው ወርደው 11 ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። የእሳቸውን ኤፍ 5 ስትሠሩ ኮክፒቱ ውስጥ ያለውን ወንበር፣ ቀበቶውን፣ የመውጫውን መጎተቻ በጥድፊያ አታልፉትም።

እስከዚህ ድረስ የጀግንነት ታሪክ ነው፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። ወሎ ተወልጄ ግን እዚያ ላይ ማቆም አልችልም። በእርስ በርስ ጦርነታችን አውሮፕላን የገባው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ነው፤ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ቦምብ ወረደ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ የራሳችን ሚጎች በትግራይ ሐውዜን ገበያ ላይ ከሺህ በላይ ሰላማዊ ሰው ገደሉ። የገበያ ቀን ነበር። የመካነ ሰላምን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመሣል ብዙ አይቸገርም፤ አህያው፣ ጨው ሻጩ፣ ጤፉ በአቁማዳ፣ ሴቱ በነጠላ።

አንዲት የአገሬ እናት መደርደሪያዬን አይተው "ይሄን ምን ልታደርገው ነው እቤት ያስገባኸው? አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ያስለቀሰን ነው" ብለውኛል። ልክ ናቸው። አብዛኛው ሞዴል ሠሪ እዚህ ላይ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ቦምቦቹ በብዙ ኪት ለብቻቸው ስለሚመጡ ሳጥኑ ውስጥ ይተዋቸዋል፤ ክንፉ ባዶና ንጹሕ ሲሆን ቅርጹ ያምራል። ያምራል፤ ግን ውሸት ነው። አውሮፕላኑ የተሠራው ለማማር አይደለም። ሪቬቱን አንድ በአንድ የምትቆጥር፣ የላሜራውን መጋጠሚያ በቀጭን ጥቁር ቀለም የምታወጣ፣ ከሞተሩ ጀርባ የተቃጠለውን ብረት በሦስት ዓይነት ቡናማ የምትቀባ ሰው፣ አውሮፕላኑ የተፈጠረበትን ነገር ከዘለልክ ምኑን አጠራኸው? እኔ ቦምቡን እሰቅላለሁ። ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው መልስም ይኸው ነው። አልተቀበሉኝም፤ ቡናቸውን ግን ጠጥተው ሄዱ።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ አለ። ጭቃና ዝገት በሁሉም ቦታ የሚለቀልቁ አሉ፤ የአፍሪካ አውሮፕላን ስለሆነ ብቻ የቆሻሻ መጣያ መምሰል ያለበት ይመስላቸዋል። ይህን አጥብቄ እጠላለሁ። የደብረ ዘይትና የድሬዳዋ ቴክኒሻኖች መለዋወጫ ከአሜሪካ ሲቋረጥባቸው ኤፍ 5ን ለበረራ ያቆዩ ሰዎች ናቸው። አቧራው ይኑር፤ የተጠገነው ቦታ ቀለሙ ይለይ፤ ጎማው ይርገብ። ከዚያ በላይ የሚለቀልቅ የእነዚያን ሰዎች ሥራ አያውቅም።

የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው፤ እኛም የምንሠራው ከእነሱ ፎቶ ነው። በየቤቱ ያለው ፎቶ ግን እየጠፋ ነው። አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ በአየር ኃይል መካኒክ፣ የመሣሪያ ባለሙያ ወይም አብራሪ ከነበሩ፣ በአልበማቸው ውስጥ ከአውሮፕላን አጠገብ ቆመው የተነሱት አንድ ፎቶ አይጠፋም። ጭራው ላይ ያለው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ በጥሩ ብርሃን በስልካችሁ አንሱት። እሳቸውም በሕይወት ካሉ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጠይቃችሁ በጀርባው ጻፉበት፤ በዚህ ሳምንት።