ነጥቧ እንድትታይ

 

የጀመዓችን ካሜራ አንዲት ናት። ለጀማሪ የተሠራች፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንሷ አብሯት የመጣ። ብዙዎቻችን «ስልኬ ይሻላል» ብለን ትተናታል። ባለፈው እረፍት ግን የዱከም ልጆች ይዘናት ወደ ቀራንበት መድረሳ ሄድን። የኡስታዛችን ዓይን እየደከመ ነው፤ በእጅ የተጻፉት ኪታቦቻቸውም እየደበዘዙ ነው። ገጾቹን አንስተን በላፕቶፕ ብናሳድግላቸው እንደገና ማንበብ ይችላሉ ብለን ነው የሄድነው።

መድረሳ የቀራ ሁሉ ያውቃል፦ ባእ ከታች አንድ ነጥብ፣ ታእ ከላይ ሁለት፣ ሣእ ሦስት ነው። ፎቶው ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ነጥቦቹ ይዋሃዳሉ፤ ቃሉም ሌላ ይሆናል። ቀለሙም ትርጉም አለው፤ መትኑ በቀይ፣ ሸርሑ በጥቁር ተጽፏል። ቀዩ ጠቁሮ ከወጣ የጸሐፊውና የአብራሪው ንግግር አይለይም። ስለዚህ የፎቶው ጥራት ለእኛ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም።

የዱከም የቀትር ፀሐይ ነጩን ገጽ ያነደዋል፤ ፍላሽም ወረቀቱ ላይ ያብለጨልጫል። ስለዚህ ፍላሹን አጥፍተን፣ ከዐስር በኋላ በር ሥር ባለው ጥላ ሠራን። ሌንሱን በመንገዱ አቧራ እንዳይቧጨር መጀመሪያ እፍ ብለን፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግን።

አይኤስኦውን 100፣ አፐርቸሩን 8 ላይ አደረግን። እንዲህ ዓይነት ሌንስ ብዙውን ጊዜ በደንብ የሚጠራው እዚያ አካባቢ ነው። ግን ብርሃኑ ስለሚያንስ ሸተሩ ይዘገያል። በ55 ሚሊ ሜትር በእጅ ሲነሳ ከሰከንድ 1/100ኛ በታች መውረድ አያዋጣም። ትራይፖድ ስላልነበረን ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ በሩዝ ከረጢት አስደግፈን፣ ኪታቡን ረሕል ላይ ዘርግተን፣ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀምን። ጣታችን ቁልፉን ሲጫን የሚፈጠረው ንቅናቄ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ቀለሙስ? የካሜራዋ ሴንሰር ብርሃንን የሚቀበለው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያዎች በኩል ነው፤ ከማጣሪያዎቹ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ይህን አደራደር የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ማሽኗ ግን የትኛው ነጭ እንደሆነ በራሷ ስታውቅ ትሳሳታለች። በዚያው ብርሃን ነጭ ወረቀት አንስተን ዋይት ባላንሱን በእሱ ስናስተካክል ቀዩ ቀይ ሆነ።

ካሜራ የምታየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ትመዝናለች፤ ስለዚህ ነጭ ገጽ ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን ወደ +1 ከፍ ማድረግ ያስተካክለዋል። የኢድ ሶላት ላይ ነጭ ጀለቢያ የሞላበት ሜዳ ግራጫ ሆኖ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ኢድ የሚሰገደው ደግሞ በማለዳ፣ ብርሃኑ ለስላሳ በሆነበት ሰዓት ነውና እድሉን ተጠቀሙበት። ሰው ስታነሱ ግን፣ በተለይ እህቶችን፣ አስፈቅዱ።

ቀለም የማድመቂያውን ምርጫ ለኢድ ፎቶ አንድ ደረጃ ብንጨምር ችግር የለውም። ለኪታቡ ግን አልነካነውም፤ ያልተጻፈ ቀለም መጨመር አማናን ማጉደል ነው።

ኡስታዛችን የመጀመሪያውን ገጽ በስክሪኑ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዳር ባለች ደቃቅ ሓሺያ ላይ ቆሙና የሸይኻቸው የእጅ ጽሑፍ መሆኗን ነገሩን። ለዓመታት ሳያነቧት ኖረዋል።

ኢብኑል ሀይሠም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በኪታቡል መናዚር ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረድቷል። እኛ ከእሱ ውርስ ላይ ቆመን የአያቶቻችንን ጽሑፍ ሲደበዝዝ ዝም ብለን ማየት አይገባንም። ቤታችሁ፣ በቢሾፍቱም ሆነ በሞጆ፣ በአዳማም ሆነ በመቂ፣ አሮጌ ኪታብ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ንገሩን። ካሜራዋ የሁላችንም ናት። ያነሳችሁትንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

አላህ ሥራችንን ለእሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።