ሌባውን ነው እንዴ የምናስመልጠው?

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጄ ልጅ ከሞጣ ቢቸና እኔ ዘንድ መጣ። ዕድሜው ዘጠኝ ነው። እናቱ ስትልከው ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ሹራብና አንድ አሮጌ ስማርት ስልክ አስይዛዋለች። ስልኩ ከእጁ አልወርድ አለ።

ጨዋታው «ቴምፕል ራን» ይባላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከልጆቻችሁ እጅ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሰው ከጥንታዊ ቤተ መቅደስ የወርቅ ጣዖት ይዞ ሲወጣ ጭራቅ የመሰሉ ዝንጀሮዎች ያባርሩታል። ተጫዋቹ በጣቱ መስታወቱን ወደ ጎን ሲጠርግ ሰውዬው ይታጠፋል፣ ወደ ላይ ሲጠርግ ይዘላል፣ ወደ ታች ሲጠርግ ይንሸራተታል። በመንገዱ ላይ የወርቅ ሳንቲም ይለቅማል።

እኔ ዕድሜ ልኬን በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝና በምክር ጀመርኩ። «ዓይንህን ሳታርገበግብ አፍጥጠህ ትውላለህ፣ ይደርቃል። አንገትህም ይጎብጣል» አልኩት። «እሺ እምዬ፣ ይቺን ልጨርስ» ይለኛል። አንድ ሰዓት ያልፋል፤ አሁንም «ይቺን ልጨርስ» ነው። ዋሸኝ ብዬ ተቆጣሁ።

አንድ ማታ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ጠፋ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እስቲ አንቺ ሞክሪ» አለኝ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ገደል ገባሁ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም እንዲሁ። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳምንት ሳይሞላ ግን እሱ ሲተኛ ስልኩን አንስቼ እስከ እኩለ ሌሊት የምሮጠው እኔ ሆንኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው።

በዚህ አንድ ነገር ገባኝ። ጨዋታው መጨረሻ የለውም። ሯጩ እስኪወድቅ ወይም እስኪያዝ ይሮጣል እንጂ የሚደርስበት ቦታ የለም። ልጁ አልዋሸኝም ነበር፤ የማያልቅ ነገር ጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ደቂቃ መቁጠሩን ትተን «አምስት ጊዜ ከሞትክ በቃ» ብለን ተስማማን። እኔም ስጫወት እሱ ይቆጥርልኛል። ይህ ግን ከፍ ላለ ልጅ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን በስልክ ለምናባብል አያቶች የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ጭራሽ አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ።

አንድ ቀን እየተጫወትን ሳለ «ይሄ ሰውዬ ግን ለምንድን ነው የሚያባርሩት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጣዖቱን ሰርቆባቸው ነዋ።»

«ታዲያ እኛ ሌባውን ነው እንዴ የምናስመልጠው?»

ልጁ ሳቀና «ጨዋታ እኮ ነው እምዬ» አለ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ቀን ቆይቶ ግን ሻማ ፈልግ ብዬው ሣጥኔን ሲበረብር «ሀብት አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ። በእጁ የያዘው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የብራና ቅጠል ነበር። የመልአክ ሥዕል አለበት።

«ከየት አመጣሽው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩ የ1978 ዓ.ም. ነው። ወጣት ሳለሁ በአንድ የገጠር ክሊኒክ እሠራ ነበር። ሚስቱን ሌሊቱን ሙሉ ያዋለድኩለት ሰው ከሳምንት በኋላ መጥቶ ያንን ብራና ሰጠኝ። ከመጽሐፍ የተቀደደ መሆኑ ያስታውቃል። የየትኛዋ አጥቢያ እንደሆነም ገምቼ ነበር። ግን አልጠየቅሁም። ስጦታ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ በሣጥን ከተትኩት፤ ከዚያም ዓመት ዓመትን ወለደ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትዝ ያለኝ አቶ ሲራክ አስፋው ነው። እኚህ ሰው በሆላንድ ሮተርዳም ቤታቸው ከእንግዳ ሻንጣ ውስጥ የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ አግኝተው «ይህማ ከአገሩ ውጭ አይቀርም» ብለው 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት፤ በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ መለሱት። እሳቸው ሊመልሱ ጠበቁ። እኔስ ምን ልጠብቅ ነው ያስቀመጥኩት?

ጳጉሜን ሲገባ ልጁን ወደ ሞጣ ይዤው ስሄድ ብራናውን በቦርሳዬ ያዝኩ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ሲደርስ «ስሟ ወርቅ የሆነው ወርቅ ስላላት ነው?» አለኝ። ጉንደወይን ላይ ወደ መርጦ ለማርያም የሚታጠፈውን መንገድ አሳየሁት፤ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሹ እዚያ እንዳለ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ዛሬም እንደሚታይ ነገርኩት። «ዝንጀሮስ አለው?» አለ። «ዝንጀሮ የለውም። ጠባቂው ሰው ነው» አልኩት።

ከመንገዱ ወጣ ወዳለችው አጥቢያ በእግራችን ሄድን። ጭቃው ይይዛል። አንድ አረጋዊ ካህን አገኘንና ብራናውን ሰጠሁ። እውነቱንም ነገርኳቸው፤ ልጁ እየሰማ ነው፣ እንዲሰማም ፈልጌያለሁ። ካህኑ በሁለት እጃቸው በነጠላቸው ተቀበሉኝ። አልወቀሱኝም። «መጽሐፉ ራሱ ዛሬ የለም፤ ይቺም ብትሆን ዕቃ ቤት ትገባለች» አሉ። መጽሐፉ የለም ማለታቸው ከወቀሳ በላይ አመመኝ። በጊዜው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላውም ቅጠል ይተርፍ ነበር።

ስንመለስ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «እምዬ፣ አንቺ ግን ማንም አላባረረሽም» አለኝ። «አላባረረኝም። ለዚያ ነው ይህን ያህል የዘገየሁት» አልኩት።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አንድ ቀን ከልጁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ። የት እንደሚቆም ታውቃላችሁ፣ ልጁም ይጠይቃችኋል። የእኔው አሁን ከሞጣ ሲደውል «ዛሬ አምስቴ ሞቻለሁ፣ ዘጋሁት» ይለኛል። አንዳንዴ ስድስት እንደሚያደርገው አውቃለሁ። እኔም አንዳንዴ አደርገዋለሁ።