የበርሜሉ ክዳን

በእኛ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በኩል፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ያውም ሌሊት። ቧንቧው አየር መትፋት ሲጀምር ባለቤቴ ትቀሰቅሰኛለች፤ ጀሪካን እደረድራለሁ። ያቺን ውሃ እንደ ዘይት ነው የምንቆጥባት። ልብስ የታጠበበት ወለል ያጥባል፤ ከዚያ የተረፈው ሽንት ቤት ይደፋል። አንድ ጊዜ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ለካሁት፤ በ10 ደቂቃ አንድ ብርጭቆ ሞላ። አስሉት፤ በቀን ከአንድ ጀሪካን በላይ ነው። የዚያኑ ዕለት ጎሚኒውን ቀየርኩ። በቁጠባማ ማን ይችለናል እያልኩ እኩራራ ነበር።

ባለፈው ወር የሁለት ዓመት ልጄን ተቅማጥ ያዛት። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ እንኳ አልነበራትም። አቅፈናት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። የተቀበለችን ነርስ ቀና ብላ አይታኝ «ቲቸር!» አለች። የድሮ ተማሪዬ ናት።

ኦአርኤስ በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ እያጠጣቻት ጠየቀችኝ፦

«ቲቸር፣ የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?»

«ከቧንቧ።»

«ቀጥታ ነው ወይስ ከበርሜል? በምንድን ነው የምትቀዱት?»

ዝም አልኩ። በጆግ ነበር የምንቀዳው። ጆጉ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ የመጣው ሁሉ ከነእጁ ይነክረዋል። የበርሜሉ ክዳን ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጆንያ ጣል አድርገንበት ነበር።

«እርስዎ እኮ ነዎት ይሄን ያስተማሩን» አለች እየሳቀች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ስለ ጀርም ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ!

ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚለቀቀው። ግን በርሜል ውስጥ ቀናት ሲቆይ ክሎሪኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እጅና ቆሻሻ ሲገባበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ፈረቃው ራሱም ጣጣ አለው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀው በኩል ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ቀበናን አታዩትም? ከእንጦጦ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል፤ የሚቆሽሸው እኛ ጋ ሲደርስ ነው። የእኔም በርሜል እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት።

አሁን መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ለወለል እንይዘዋለን። የመጠጡን አፉ ጠባብ በሆነ ክዳን ባለው ጀሪካን እንሞላለን፤ አዘንብለን እንቀዳለን እንጂ ምንም አንነክርም። በርሜሉ ባዶ በሆነ ቁጥር በሳሙና ይታጠባል። የልጅቷን ውሃ አፍልተን፣ በከደንነው ዕቃ ውስጥ አቀዝቅዘን ነው የምንሰጣት። ለሌላው ውሃ አጋር እንጨምራለን፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። አዲሱ ክዳን ደግሞ ካወጣነው የሕክምናና የታክሲ ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ልጄ ተመስገን ደህና ናት፤ ይሄን ስጽፍ ጀርባዬ ላይ ናት።

ወዳጆቼ፣ ስልኩን አስቀምጡና በርሜላችሁን እዩት። ክዳን አለው? ጆጉስ የት ነው ያለው?

አንቺ ተማሪዬ፣ ይሄን ካነበብሽ እግዜር ይስጥልኝ። መቶ ከመቶ ሰጥቼሻለሁ። ቲቸርሽ ግን ወድቋል።