በገዛ ቦርሳዬ ያመጣሁት ቃጠሎ

ያለፈው ክረምት ነው። ጠዋት የሄደው መብራት ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አንዲት ኤክስቴንሽን ተሯሯጠ፤ የልጄ ላፕቶፕ፣ የእሷ ስልክ፣ የእኔ ስልክ፣ የትልቁ የልጅ ልጄ ታብሌት። ልጄ ሥራዋን የምትሠራው ከቤት ሆና ነው። የላፕቶፗ ቻርጀር ገመዱ አንገቱ ላይ ተልጦ በፕላስተር ታስሮ ነበር የሚሠራው። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ነርስ ሆኖ ለኖረ ሰው ሁሉም ነገር በፕላስተር የሚድን ይመስለዋል።

«ተይው፣ ነገ መርካቶ ስወርድ ገዝቼልሽ እመጣለሁ» አልኳት። ገዛሁም። ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ፣ ነጭ፣ «65 ዋት» የሚል በትልቁ የተጻፈበት። ሻጩ «ማዘር፣ ስልኩንም ላፕቶፑንም በአንድ ጊዜ ነው የሚሞላልሽ» አለኝ። ዋጋው ሌላ ሱቅ የጠየቁኝ ሲሶ ስለነበር ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጄ በላፕቶፗ ስብሰባ ላይ እያለች የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከወጥ ቤት ሮጬ ስደርስ የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ቀድሞኛል። ቻርጀሩን በእጁ ጨብጦት ኖሮ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ሁለት ጣቶቹ ቀልተዋል፤ አንዱ ወዲያው ውሃ ቋጠረ።

ቧንቧ ከፍቼ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ያዝኩት። ጎረቤቴ የጥርስ ሳሙና ይዛ ደረሰች፣ አመስግኜ መለስኳት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ ቃጠሎ ላይ አይቀባም፤ ውሃ የቋጠረውም አይፈርጥም። ይህን በ34 የሥራ ዓመቴ ለስንቷ እናት እንደነገርኩ አላስታውስም። ልጁ ሰነበተና ዳነ። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። ቃጠሎ ሳጥብና ስጠቀልል የኖርኩ ሴት፣ ቃጠሎውን በገዛ ቦርሳዬ ይዤ ቤት አስገባሁት።

ነርሲንግ ስንማር መድኃኒት ሦስት ጊዜ ይነበባል ይሉን ነበር፤ ከመደርደሪያው ሲነሳ፣ ሲቀዳ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ። ያንን ቻርጀር ግን አንድ ጊዜም አላነበብኩትም። ማታ መነጽሬን አድርጌ ሳገላብጠው ከዚያች «65 ዋት» ከምትል ጽሑፍ በቀር ምንም የለበትም። ስንት ቮልት እንደሚቀበል፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሠራው አይናገርም። እንዲህ ያለ ብልቃጥ ተረኛ በነበርኩበት ክፍል ባገኝ ኖሮ ለማንም ሳልሰጥ አስወግደው ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የሚጠግን ጨዋ ልጅ አለ። የተቃጠለውን ይዤለት ሄድኩ። ሳይከፍተው ከመዘነው በኋላ «እማማ፣ ይሄ 65 አይደለም፤ አንዴ በአቅሙ ቢሠራ ጥሩ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የልጄን አሮጌ ቻርጀር ጀርባ እንዳነብ ሰጠኝ። «20 ቮልት፣ 3.25 አምፒር» ይላል። ሁለቱን ሲያባዙ 65 ዋት ይመጣል። የእኔ ስልክ ቻርጀር ደግሞ 9 ቮልት በ2 አምፒር፣ ማለትም 18 ዋት ነው። ሂሳቡ እንደ መድኃኒት መጠን ነው፤ በኪሎ ከማስላት አይከብድም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት ስልኬን አያቃጥልብኝም?» አልኩት። ይህን ፍርሃት ብዙ እኩዮቼ ዘንድ ሰምቼዋለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የታይፕ ሲ ደህና ቻርጀር ሲሰካ የሚጀምረው በ5 ቮልት ነው። ከዚያ ቻርጀሩና ዕቃው በገመዱ ውስጥ ይነጋገራሉ፤ ቻርጀሩ «9 አለኝ፣ 15 አለኝ፣ 20 አለኝ» ይላል፣ ዕቃው የሚችለውን ይመርጣል። ስልክ ከ65 ዋት ቻርጀር ላይ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ የስልክ ቻርጀር ላፕቶፕ ላይ ቢሰኩ ወይ እያዘገመ ይሞላል ወይ ጭራሽ እምቢ ይላል። ደግሞም ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ አይሞላም፤ መጀመሪያ የራሱ ቻርጀር በየት እንደሚገባ ማየት ነው።

ልጁ «ጋን የሆነውን ይግዙ» ሲለኝ የጠላ ጋን መስሎኝ አፈጠጥኩበት። ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ነገር አጭር ስሙ ነው አለኝ። ከቀድሞው ሲሊከን ይልቅ ወደ ሙቀት የሚያባክነው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ በጣም ፈጥኖ ስለሚበራና ስለሚጠፋም ውስጡ ያሉት ክፍሎች አነስ ብለው ይሠራሉ። ለዚህ ነው የዛሬ ቻርጀር በመዳፍ የሚያዘው። ትንሹ ዕቃ ጋን መባሉ ግን እስከ አሁን ያስቀኛል። ቃሉ ሽፋኑ ላይ መጻፉ ብቻም ዋስትና አይደለም፤ 65ም ተጽፎ ነበርና።

ሁለተኛውን ለመግዛት ስሄድ መነጽሬን አልረሳሁም። ባለ ሁለት ቀዳዳ ነበር፤ ፊቱ ላይ 65 ይላል፣ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ሁለቱም ሲሰኩ አንዱ 45 ሌላው 20 እንደሚሆን ተጽፏል። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፤ ቢያንስ ዕቃው ራሱ አልዋሸም። የሚቀበለው ከ100 እስከ 240 ቮልት ነው፣ ለእኛ 220 ይሆናል። ገመድም ለብቻው ገዛሁ፤ ተራው የታይፕ ሲ ገመድ የሚችለው 3 አምፒር፣ ማለትም 60 ዋት ድረስ ነው። የልጄ ላፕቶፕ ሙሉውን 65 እንዲያገኝ ባለ 5 አምፒር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ «100 ዋት» ወይም «240 ዋት» ተብሎ ይጻፍበታል። በድምሩ የፊተኛውን አራት እጥፍ ከፈልኩ። ልጄ «እማዬ፣ በዛ» አለች። የጣቱን ነገር አስታወስኳት፣ ዝም አለች።

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከልን ቻርጀርም አለ፣ ጎበዝ ዕቃ ነው። እግሩ ግን እንደ አሜሪካኖቹ ጠፍጣፋ ስለሆነ በመቀየሪያ ነው የምንሰካው። መቀየሪያው ሶኬቱ ውስጥ ሲወዛወዝ ከቻርጀሩ በላይ ይግል ነበር፤ አውጥቼ ጣልኩትና ጠበቅ ብሎ የሚይዝ ፈለግሁ። ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚላቀቅ ሶኬትም እንዲሁ ነው፤ ጥሩ ቻርጀር መጥፎ ሶኬት ላይ ምን ያደርጋል?

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ገበያ ላይ የሚወጡ አዳዲስ ስልኮች በታይፕ ሲ እንዲሞሉ አስገድዷል። ፋብሪካዎች ለእኛ ብለው ሌላ ቀዳዳ አይሠሩምና የገመድ መሳቢያዬ ቀስ በቀስ ይራገፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ቻርጀሩ ያለው ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ሶኬት ላይ ነው፤ ትራስ ሥር ስልክ ቻርጅ ማድረግ በቤታችን ቀርቷል። ደህናውም ቢሆን ላፕቶፕ ሲሞላ ሞቅ ይላል፤ እጅ የማያስነካ ሲሆን ነው የሚነቀለው። ማታ ማታ ልጁ ከሥሬ ቆሞ «እማማ፣ ታቃጥላለች?» ይለኛል። ትኩሳት ስለካ እንደኖርኩት የእጄን ጀርባ አሳርፌበት ትንሽ እቆያለሁና «ዛሬ ደህና ነች» እለዋለሁ።