ስቱኮ ለጀልባ አይሆንም

የመቀሌን የመኪና ቦዲ ሠራተኞች እጅ አደንቃለሁ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ ተዘግቶ፣ ነዳጅና መለዋወጫ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የተሰበረውን ኮፈንና ፓራውልት ካገኙት ቁራጭ ጋር እየገጠሙ ከተማዋን ያንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከተከዜ ግድብ ሐይቅ የመጣች አሮጌ የፋይበር ጀልባ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ተገልብጣ ሳይ ደስ አለኝ። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠግብ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ፋይበር ግን አይበሰብስም፤ ከጣሉት ለዘመናት ሜዳ ላይ ተጋድሞ ይኖራል። መታደስ አለበት።

ጠጋ ብዬ አየኋት። ላዩ፣ ጄልኮት የሚባለው ሽፋን፣ በፀሐይ ብዛት ነጥቶ ሲዳስሱት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። ሆዷ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ሽምብራ ሽምብራ የሚያክሉ እብጠቶችም አሉ። ሠራተኛው አንዱን በቢላ ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ጠብታ ወጣ፤ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ውሃው ሽፋኑን አልፎ ፋይበሩን ከያዘው ሬዚን ጋር ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

«ፈግፍገን ስቱኮ እናልብሳትና ቅዳሜ ትወስዷታላችሁ» አለ።

«ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትድረቅ» አልኩት። ጣና ላይ ጀልባ ሲጠገን ያየሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

የመኪና ስቱኮ ሬዚንና የታልክ ዱቄት ነው፤ ውሃ ይስባል። በር ላይ ዓመታት ይቆያል። ውሃ ውስጥ በሚውለው የጀልባ ሆድ ላይ ግን ያብጥና ቀለሙን ገፍቶ ይነሣል፤ ስንጥቁ ከሥሩ እንዳለ ነው። አሣ አጥማጁ ይህን የሚያውቀው መረቡንና ቆሮሶውን ጭኖ ሐይቁ መሐል ሲደርስ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ነው፤ ውሃው የተኛው በገደል መካከል ነው፤ ዋኝተው የሚወጡበት ዳር ሁልጊዜ አይገኝም።

እብጠቶቹ ሁሉ ይከፈቱ፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠቡ፣ ጀልባዋ ነፋስ እያገኛት ለሳምንታት ትቀመጥ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የመቀሌ ደረቅ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ በክረምት ባይሞከር ይሻላል። መድረቋን ለማወቅ ግልጽ ፕላስቲክ ሆዷ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ፀሐይ ይምታው። ከውስጥ ላብ ካወጣ ገና ናት።

ስንጥቁ ደግሞ በግራይንደር ሰፋ ተደርጎ ተዳፋት ይውጣለት። የጀልባዋ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ ሬዚን ከደረቀው አሮጌ ጋር አይዋሃድም፤ የሚይዘው የሚጣበቅበት ሻካራ ቦታ በሰፋለት መጠን ነው። ከዚያ የፋይበር ጨርቁ በሬዚን እየራሰ ንብርብር በንብርብር ይተኛል። ከሬዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ማድረቂያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ማለዳው ይበርዳል። ማድረቂያ ከማብዛት ይልቅ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መጀመር ነው። ያው መጠን ተከዜ ቆላ ውስጥ በቀትር ቢበጠበጥ ከጣሳው ሳይወጣ ይደርቃል።

ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ፦ የፋይበር ብናኝ መስታወት ነው፤ አፍና አፍንጫን በሻሽ መጠቅለል አያስጥልም። የማድረቂያው ጠብታ ዓይን ያጠፋል። ለሚሠሩት ልጆች ትክክለኛ ማስክና መነጽር ግዙላቸው፤ ሥራውን የሚጀምሩትም እነዚህ ከመጡ በኋላ ይሁን።