በዊተንበርግ፣ ከሜላንክቶን ደጃፍ

ከበርሊን ወደ ዊተንበርግ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አሮጌው ክፍሏ በእግር ቶሎ ያልቃል። እዚህ ሰው የሚመጣው ለማርቲን ሉተር ነው፤ የሱቁ ካልሲና ኩባያ ሳይቀር የሱ ስም አለበት። እኔ ግን የመጣሁት ለባልንጀራው ለፊልጶስ ሜላንክቶን ነው። ያደግሁት በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለውን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ የጻፈው ሜላንክቶን ሆኖ ሳለ፣ በመካከላችን ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ቤቱ ከሉተር ቤት ብዙም ሳይርቅ በዋናው ጎዳና ላይ ቆሟል። ጠበብ ያለና ረጅም ነው፤ የጣሪያው ግንባር በግማሽ ክብ ቅርጾች እየተደራረበ ወደ ላይ ይሾላል። የተሠራው በ1536 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሊወስዱት ይጎተጉቱት ስለነበር፣ የግዛቱ መስፍን ከዊተንበርግ እንዳይለቅባቸው ብለው ነው ያሠሩለት። ከጓሮው የአትክልት ቦታ በ1551 የተሠራ የድንጋይ ጠረጴዛ አለ። ለረጅም ጊዜ አጠገቡ ቆምኩ። ዳሩ ለስላሳ ነው፤ መሀሉ ግን ይሻክራል።

ሜላንክቶን እዚህ ከተማ የግሪክኛ መምህር ሆኖ የገባው በኦገስት 1518፣ በ21 ዓመቱ ነው። አጭርና ቀጭን፣ አንደበቱም ያዝ የሚያደርገው ልጅ ነበር። በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ስለ ትምህርት መታደስ ንግግር አደረገ፤ ተማሪው ወደ ምንጩ፣ ወደ ግሪክኛውና ወደ ዕብራይስጡ ይመለስ አለ። ሉተር በሰማው ነገር ተደነቀ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሞት አልተለያዩም። ሉተር በቫርትቡርግ ምሽግ ተደብቆ የተረጎመውን አዲስ ኪዳን ይዞ ሲመለስ፣ አብሮት ቁጭ ብሎ ያረመው ይኸው የግሪክኛ መምህር ነው። መጽሐፉ በሴፕቴምበር 1522 ታተመ። ከዚያ በፊት፣ በ1521፣ ሜላንክቶን የተሐድሶውን ትምህርት በየርዕሱ ያደራጀውን የመጀመሪያውን መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ገና 24 ዓመቱ ነው! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎችን በቤቱ ያሳድር ነበር፤ እንደ እኛ አገር የኔታ፣ ትምህርቱም ኑሮውም አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። በ1528 ለቤተ ክርስቲያን ጎብኚዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ ትምህርት ቤቶች በሦስት ክፍል እንዲደራጁ አድርጓል። የጀርመን መምህር የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ከመሠዊያው በላይ ያለው በ1547 የቆመው የሉካስ ክራናኽ ሥዕል ነው። መሀሉ የጌታ እራት ነው። በግራው ክንፍ ላይ ሜላንክቶን ከትልቅ የድንጋይ ገንዳ በላይ ራቁቱን ሕፃን በእጁ ይዞ ያጠምቃል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቅስና አልተቀበለም። ሠዓሊው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያስተማረ ሰው ቤተ ክርስቲያንን ተሸክሟል ሊል ነው። ሕፃኑን የያዘበት ጥንቃቄ፣ ጎንበስ ማለቱ፣ ዓይኑን ከሕፃኑ አለማንሳቱ አፍዝዞ አቆመኝ።

በ1530 በአውግስበርግ በንጉሠ ነገሥቱ ጉባኤ ላይ የሆነውም ይህንኑ ጠባይ ያሳያል። ሉተር በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ የተወገዘ ስለነበር እዚያ መቅረብ አልቻለም፤ በኮቡርግ ምሽግ ቀረ። ሸክሙ ሁሉ በሜላንክቶን ላይ ወደቀ። 28 አንቀጽ ያለው መግለጫ ጁን 25 ቀን በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ፊት በጀርመንኛ ተነበበ። በተቻለ መጠን በር እንዳይዘጋ፣ ቃሉ እንዳያቆስል አድርጎ ነው የጻፈው። ሉተር ሲያነበው፣ እኔ እንዲህ በቀስታ መራመድ አልችልበትም አለ። ብዙዎች ይህን ቀስታ ፍርሃት ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ የሚለያዩ ሰዎች አንድ ገበታ ላይ እንዲቆዩ መድከም ከመጮህ የሚከብድ ጀግንነት ነው።

የኛም አገር ሰው እዚህ ገበታ ላይ ተቀምጧል። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ መጣ። አገር ቤት አፄ ልብነ ድንግል ከአህመድ ግራኝ ጋር የሚዋጉበት ዘመን ነበር። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ተነጋገረ። ጁላይ 4 ቀን በጻፉለት የምስክር ወረቀት ላይ፣ በሥርዓት ብንለያይም ይህ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ያ ጉብኝት ይህ ቤት ከመሠራቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ሚካኤል የረገጠውን ደጃፍ እዚህ አላገኘሁም። መንገዱን ግን ሄድኩበት፤ ስሄድም ልቤ ሞላ።

ይህን ሁሉ ስል ጉድለቱን ልሸፍንለት አይደለም። የሕፃናትን ጥምቀት በማይቀበሉት በአናባፕቲስቶች ላይ የሞት ቅጣት እንዲፈረድ ደግፏል፤ ሥላሴን የካደው ሚካኤል ሰርቬተስ በጄኔቫ በእሳት ከተቃጠለ በኋላም በ1554 ለዚያው ከተማ የተሐድሶ መሪ ለካልቪን ጽፎ ድርጊቱን አጽድቋል። ገበታው ለሁሉ ክፍት አልነበረም ማለት ነው። የቀስታውን ሰው ብዕር እዚህ ላይ ሳገኘው ያመኛል።

በቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሉተርና ሜላንክቶን በአንድ ጣሪያ ስር ተቀብረዋል። ሉተር በ1546 ካረፈ በኋላ ያለው ጊዜ ለሜላንክቶን መራራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የተሐድሶውን መሳፍንት በጦርነት ሲያሸንፉ እሱ በአንዳንድ ሥርዓት ቢለሳለስ፣ ያስተማራቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከሃዲ አሉት። ሊሞት ሲል ሞትን የማይፈራበትን ምክንያት በወረቀት ላይ ጻፈ፤ አንዱ ከነገረ መለኮት ሊቃውንት ቁጣ መገላገሉ ነበር።

እንዲያም ሆኖ በሩን አልዘጋም። በ1559 ከቁስጥንጥንያ የመጣ ድሜጥሮስ የሚባል ዲያቆን ለወራት በቤቱ በእንግድነት አኖረ። የአውግስበርግ መግለጫ በግሪክኛ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሜላንክቶንም ለቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ለዮአሳፍ ደብዳቤ ጻፈላቸው። መልስ ሳያይ አፕሪል 19 ቀን 1560 አረፈ። በ1570ዎቹ፣ እሱ በወጣትነቱ የተማረበት የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ መምህራን የግሪክኛውን መግለጫ ወደ ቁስጥንጥንያ ላኩ። ፓትርያርክ ኤርምያስ ዳግማዊ በ1576 አንቀጽ በአንቀጽ መለሱላቸው፤ በብዙው አልተስማሙም። መጻጻፉ ግን እስከ 1581 ቀጠለ፤ በመጨረሻ ፓትርያርኩ ከእንግዲህ ስለ ወዳጅነት እንጂ ስለ ዶግማ አትጻፉልኝ አሉ።